በኒስፍ አልቀመር ባሕር ዋና ያስተማሩን ወይዘሮ ቦሰና ሀብተማርያም ዐረፉ

የዓርብ እህትማማቾች መረዳጃ ማኅበር፣ ወይዘሮ ቦሰና ሀብተማርያም በድንገተኛ የልብ ሕመም ማክሰኞ ኤፕሪል 2 ቀን 2019 ደማም በሚገኝ ሆስፒታል በ46 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱና ለወዳጆቻቸው ሲያስታውቅ ሐዘኑ ከባድ ነው። የሠሩትን ስንጽፍ ግን ደስታችን እየቀደመን መቸገራችንን አንደብቅም።

ወይዘሮ ቦሰና ደብረ ታቦር አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ በ2013 መጀመሪያ ወደ ዓረብ አገር መጥተው ኮበር ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ዘንድ በምግብ አብሳይነት ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነርቭን የሚያጠቃ ብርቱ ሕመም በአንድ ሳምንት ውስጥ እግራቸውን አሰነፈው። አራት ወር ሆስፒታል ተኝተው በተሽከርካሪ ወንበር ወጡ። አሠሪያቸው ማዳም፣ "እስከ ረመዳን መጨረሻ ካልቆምሽ ኹሩጅ አስመትቼ ወደ አገርሽ እልክሻለሁ" አሏቸው።

በማርች 2014 ቤተሰቡ ኒስፍ አልቀመር ወደሚገኘው የባሕር ዳር ቤቱ ሲሄድ እሳቸውንም ወሰዳቸው። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ውሃ ሰውነታቸውን እንደሚያቀልላቸው ነግራቸው ስለነበር፣ የቤቱን ልጆች የምታሳድገው ወሎዬዋ ሙህሲና በብብታቸው ይዛ ባሕር ውስጥ አስገባቻቸው። ሁለቱም ዋና አይችሉም። ውሃው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ወይዘሮ ቦሰና ጮኹ።

"ምን ሆኑ እትዬ? እንውጣ?"

"አሸዋው! ሙህሲና፣ አሸዋው ቀዘቀዘኝ!"

አራት ወር ሙሉ ሙቀትና ቅዝቃዜ ያልለየ እግር ነበር!

ከዚያ ወዲህ ማዳም በየዓርቡ ይዘዋቸው ይሄዱ ጀመር። ወይዘሮ ቦሰና በመጀመሪያ ሙህሲናን ተደግፈው በውሃው ውስጥ ተራመዱ፤ ቀጥሎ ተንሳፈፉ፤ ከዚያም መዋኘት ያዙ። በጁላይ፣ የዒድ ዕለት፣ ከባሕሩ ወጥተው እስከ መኪናው ድረስ ማንም ሳይደግፋቸው ሄዱ። ማዳም እልልታውን አቀለጡት። "ኸላስ! ኹሩጅ ማፊ!" አሉ፤ አበቃ፣ ወደ አገር መላክ የለም ማለታቸው ነው።

በ2015 ሌሎች ሴቶችን ለማስተማር ማኅበራችንን ፈቃድ ጠየቁ። ሥራ አስፈጻሚው ባሕር አደገኛ ነው በማለት ሁለት ጊዜ ከለከላቸው። ተሳስተን ነበር። እሳቸው ግን ማዳምን አስፈቅደው፣ በታጠረው የቤተሰቡ ባሕር ዳር ሦስት ሴቶችን ማስተማር ጀመሩ። በ2016 አገር ቤት ለዕረፍት ገብተው ሲመለሱ፣ "ምነው እዚያው ቢቀሩ?" ብንላቸው፣ "ሁለቱ ገና አልተንሳፈፉልኝም" ነበር መልሳቸው።

በ2017 የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ያደረገችው እህታችን መታሰቢያ ክንዷን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት አቅቷት መጣች።

"አልችልም" ስትላቸው፣ "አንቺ አታንሺው፤ ውሃው ያነሣልሻል" አሏት።

በስድስተኛው ዓርብ ክንዷ ከራሷ በላይ ወጣ! ዛሬ አዲስ የሚመጡትን የምታስተምረው እሷ ናት።

ወይዘሮ ቦሰና እስኪያርፉ ድረስ አርባ አንድ ሴቶች ዋና ተምረውላቸዋል። አብዛኞቹ እዚህ አገር እስኪገቡ ባሕር አይተው የማያውቁ ናቸው። ከሕመም ተነሥታ የመጣች አለች፤ የቤት ናፍቆት እንቅልፍ የነሳት አለች። ሁሉንም እጃቸውን ይዘው አስገብተዋል።

አስከሬናቸው ሐሙስ ኤፕሪል 18 ቀን ከኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ወደ አገር ቤት ተሸኝቷል። በማግሥቱ የዋናው ትምህርት ለጊዜው ይቁም ወይስ ይቀጥል ብለን ልንመክር ባሕሩ ዳርቻ ስንደርስ፣ ሴቶቹ ቀድመውን ውሃ ውስጥ ነበሩ።

ለልጃቸው ለሙኒት፣ ለመላ ቤተሰባቸው፣ ለማዳምና እንደ እህት አብራቸው ለኖረችው ለሙህሲና ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን።

ሙኒት በስልክ፣ "እማዬ እዋኛለሁ ስትለኝ፣ እንዳላስብ ብላ የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር። እውነት ትዋኝ ነበር?" ብላ ጠይቃናለች።

አዎ ሙኒት፣ እናትሽ ይዋኙ ነበር። በጃንዋሪ ብርድ እኛ እየተንቀጠቀጥን ዳር ስንቆም፣ እሳቸው ሩቅ ሄደው እየሳቁ ይመለሱ ነበር።

የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ
ኮበር