ሳይጨርሱ መነሳት

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጠመኔው የሚቀሰቅስብዎት ሳል እንዴት አደረገዎት? እማማስ ጉልበቷን ተሻላት ወይስ ዛሬም ‹‹ደህና ነኝ›› እያለች ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው? እትዬና መንታዎቹስ ደህና ናቸው? እኔ እዚህ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት ፊቴን ስላወዛው ያየኝ ሁሉ የተመቸኝ ይመስለዋል።

ወንድም ጋሼ፣ ባለፈው በስልክ ‹‹ፈተናው ተራዘመ›› ያልኩዎት ውሸቴን ነው። አልተራዘመም፤ ተፈትኜ ወድቄአለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነውና ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከራሴ ይስሙት ብዬ ነው። የሆስፒታሉ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሁለት ዕድል ብቻ ነው። ሁለተኛው የፊታችን ሐሙስ ነው። ካለፍኩ ከልብስ ማጠቢያው ወደ ቢሮ እወጣለሁ፤ ካልሆነ እዚሁ የበሽተኛ አንሶላ እያጠፍኩ አረጃለሁ።

የወደቅኩት ባለማወቅ ቢሆን ባልቆጨኝ። ከሒሳቡ ውስጥ ‹‹መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም?›› የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። ስለ ድፍን ቁጥር ወይም ስለ ብቸኛ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁና ሁለት መረጃ ይሰጣሉ። (ብቸኛ ቁጥር ማለት ለአንድና ለራሱ ብቻ የሚካፈለው ነው፤ ለእርስዎ ማስረዳቴ አይደለም፣ ለእማማ ሲያነቡላት እንዲገባት ነው።) መልሱን አውጪ አይሉም። መልሱን ለማውጣት መረጃው ይበቃል ወይ ነው ነገሩ። ለአንዱ ጥያቄ ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው።

አንዱ ‹‹ቁጥሩ ስንት ነው?›› ይላል። የመጀመሪያው መረጃ ቁጥሩ ጎደሎ ነው ይላል፤ ይህ እንደማይበቃ መንታዎቹም ያውቃሉ። ሁለተኛው ቁጥሩ ከሺህ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ብቸኛ ቁጥር ነው ይላል። እንዲህ ያለ ቁጥር አንድ ብቻ ስለሆነ ይበቃል፤ አለቀ። እኔ የእርስዎ እህት ግን ዓይኑን ካላየሁት ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ሺህ አንድን ለሰባት አካፈልኩ፣ ሺህ ሦስትን ለአሥራ ሰባት፣ ሺህ ሰባትን ለአሥራ ዘጠኝ። ሺህ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ስድስት ደቂቃ ሄዷል። ቁጥሩን ደግሞ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እንዲህ እንዲህ ስል አሥራ አንድ ጥያቄ ሳልነካ ሰዓቱ አለቀ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፍ አንዲት ሴት አለች። ማዘዝ ስለምትወድ ‹‹ሻለቃ›› እንላታለን። ትምህርት ያቆመችው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። አንሶላውን ወዲያና ወዲህ ይዘን ስንዘረጋ ጥያቄውን እነግራታለሁ፤ አራት ጊዜ ታጥፎ ክምሩ ላይ ሳያርፍ ‹‹ይበቃል›› ወይም ‹‹አይበቃም›› ማለት አለብን። ሁልጊዜ የምትቀድመኝ እሷ ናት፤ ለማካፈል አትቆምማ። ያንን የሺህ ነገር ስነግራት ‹‹ሰልፍ ላይ አንደኛው ሁለት ሰው ይሆናል እንዴ? አንሶላውን ያዢ›› አለችኝ። አንድ ቀን ብቻ ረታኋት። አንድ ድፍን ቁጥር በራሱ ተባዝቶ አርባ ዘጠኝ ቢሆን ቁጥሩ ይታወቃል ወይ ብላት፣ ሰባት ነው፣ ይበቃል አለች። ከዜሮ በታች ያለው ሰባትም እኮ አለ ብላት ‹‹እሱን ደግሞ የት አየሽው?›› ብላ ግማሽ ቀን አኮረፈችኝ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የጀመርኩትን ሒሳብ ትቼ ገመድ ልዘል ስወጣ፣ እርስዎ ከበር መልሰው ‹‹የጀመርሽውን ሳትጨርሺ ብትነሺ የአባታችን አጥንት ይውጋሽ›› አሉኝ። አባታችን ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። እርስዎ በማግሥቱ ሳይረሱት አይቀሩም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጀምሬ የተውኩት ሒሳብ የለም። ለዚህ ያበቃኝም ያ ቃል ነው፣ አልክድም። ፈተናው ላይ እጄን የያዘኝም እሱው ነው። ለሻለቃ ስነግራት አልሳቀችም። ‹‹ወንድምሽ ያሰረውን ወንድምሽ ይፍታው›› አለችኝ።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅዎን ስሰማ ስለ ዝናቡ ጠይቄ እዘጋለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ሐሙስ አልፏል። እንግዲህ ማስፈቀዴ ሳይሆን ማሳወቄ ነው፤ ሐሙስ ጠዋት፣ መረጃው እንደሚበቃ ባወቅኩበት ላይ ቁጥሩን ሳላየው ትቼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። አሥር ጊዜም ቢሆን ሃያ ጊዜም ቢሆን። ትናንት በልምምድ ለመጀመሪያ ጊዜ አደረግኩት፤ ሩብ ሰዓት ተረፈኝና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብወድቅ እችለዋለሁ። እርስዎ ቢቀየሙኝ ግን አልችለውም። ስለዚህ ስንገናኝ ውጤቴን ከመጠየቅዎ በፊት ‹‹ፈትቼሻለሁ›› ይበሉኝ።

እማማን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ መዋሸቴንም ይንገሯት፣ ከእርስዎ አፍ ይቀላታል። እትዬን እጅግ አድርጌ ሰላም ብያለሁ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው፣ መቀሱን ስለ ሳልኩለት እስከ ዛሬ የሚያመሰግነኝ ከሆነ፣ ሰላምታዬ ይድረሰው። መንታዎቹን ግራና ቀኝ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። የቤት ሥራ ሲያሠሯቸው ይቆጡ፣ ቢፈልጉም ጆሯቸውን ይቆንጥጡ፤ የአባታችንን አጥንት ግን አይጥሩባቸው።

ታናሽ እህትዎ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፱ ቀን