የፋርማሲው አፕ የተረሳ በር

ሰኞ

ሁሉም ተደባልቆ ነው የጠበቀኝ። የክሊኒኮቹ አፖች መረጃ የሚለዋወጡባቸው ኤፒአዮች አንድ ላይ ተዘርግፈዋል፤ የቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ደህንነታቸውን የምቆጣጠረው እንዴት ነው? ራሴን ይዤ ስቀመጥ የሥራ ባልደረባዬ ዋንጂሩ ከጎኔ ወንበር ስባ በየአፓቸው ለየቻቸው። የላብራቶሪው ለብቻ፣ የቀጠሮው ለብቻ። ምስር የምትለቅም ነው የሚመስለው። ቀናሁባት፤ ግን ይበልጥ አደነቅኳት።

ማክሰኞ

ከተለዩት ውስጥ የፋርማሲውን አፕ ስከፍት ደነገጥኩ። አፑ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ አንድ ኤፒአዩ ግን ያለ ይለፍ ቃል የነፍሰ ጡሮችን የደም ምርመራ ውጤት ይሰጣል። አለቃችን «አሁኑኑ ዝጉት» አለ። እኔም ልዘጋው ነበር።

ዋንጂሩ «ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እንበል፤ መጀመሪያ ማን እንደሚጠቀምበት እንይ» አለች። አየን። የሚጠቀምበት ካንጌሚ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ብቻ ነው። ሌላ ማንም አልገባበትም፤ ተመስገን። ከክሊኒኩ በቀር ለሁሉም ዘጋችው። አለቃችን እስከ ዓርብ ጠዋት ታገሠን፤ ክሊኒኩ እስከዚያ በምንሰጠው አዲስ የይለፍ ቁልፍ ካልገባ ይቋረጥበታል።

ረቡዕ

የክሊኒኩ ሰዎች ስልክ አያነሱም። እኔ ኢሜይል ልጻፍ ስል እሷ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ማታቱ ታክሲው ሄደች። ተከተልኳት። ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሷ ሲስተር አኪኒ «ይሄ ከጠፋብኝ የእናቶቹን ውጤት ከየት አመጣለሁ?» አለችን። እናቶቹ በረንዳው ላይ ተደርድረው ያዩናል። ትናንት ዘግቼው ቢሆንስ? ማሰቡም ያስፈራል።

ሐሙስ

አዲሱ ቁልፍ የክሊኒኩ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እምቢ አለ። ደጋግመን ሞከርን፤ እምቢ። ዋንጂሩ አንዴም አልተማረረችም፤ ለሁለታችንም የምነጫነጨው እኔ ነኝ። ሳምቡሳ ገዛሁላት። የወለደቻት ማህፀን ትለምልም። ግን ነገ ዓርብ ነው።

ዓርብ

ካንጌሚ በጠዋት ደረስን። ዋንጂሩ ኮምፒውተሩን ትክ ብላ አየችና ሳቀች። የኮምፒውተሩ ቀን ባለፈው ዓመት ላይ ቆሟል! ቁልፉ የሚሠራው ደግሞ ቀኑ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። አስተካከለችው። ሲስተር አኪኒ የመጀመሪያዋን እናት ውጤት ጠየቀች፤ ወጣላት። ስክሪኑን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው።

እኔ ደግሞ እንደ ሌባ ሆኜ ያለ ቁልፍ ልገባ ሞከርኩ። አይፈቀድም አለኝ። ተከልክዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።