ቀይ ነጥብ ያለበት ሪሲቨር

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ልጅሽ ቫልዴማር ነው። ሰላምታው እንዳያዘናጋኝ ብዬ ይህን አስቀድሜ ጻፍኩት።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እህቴ ኢዳሊና፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የዚያ የሰው አገር፣ የክሌርሞን ብርድ ተወት አደረገሽ ወይስ እንደ አምናው በዱላ ነው የምትሄጂው? ባልሽን አርሊንዶን ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ሲልቪ ከነልጇ ደኅና ናት? እኔ ደኅና ነኝ። ጤናዬን ባትጠይቂኝም እነግርሻለሁ፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከታች ታነቢዋለሽ። ጽሕፈቴ ቢጣመምብሽ ታገሺኝ፤ በስልሳ ሦስት ዓመቴ በደብሩ አዳራሽ ማታ ማታ የተማርኩት ነው። ግን ከላይ እስከ ታች የራሴ እጅ ነው። ማንም አላረመውም፣ ማንም አላሳመረውም።

ሥራዬን በስልክ ስነግርሽ፣ «ቴሌቪዥን እያዩ መዋል ነዋ፣ ታድለሽ!» ብለሽ ስቀሽብኛል። እንዲያ አይደለም። ሪሲቨር የሚሠሩት ድርጅቶች ተሰብስበው፣ አንድ ደኅና ሪሲቨር ምን ያህል የደከመ ሞገድ መያዝ እንዳለበት፣ ከተራራ ተጋጭቶ የሚመለሰውንም እንዴት መቋቋም እንዳለበት የተስማሙበት መመሪያ አለ። እኔ መስኮት በሌለው ክፍል በጥቁር መጋረጃ ተከልዬ ምስሉን አያለሁ። ቫልዴማር ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ሞገዱን ደረጃ በደረጃ ያደክመዋል። በየደረጃው አንድ ደቂቃ ሙሉ ዓይኔን ሳልነቅል እጠብቃለሁ። ምስሉ ከተቆራረጠ ወይም ቀጥ ካለ ደወሉን እጫናለሁ። መመሪያው ከሚለው ደረጃ በፊት ከደወልኩ ሪሲቨሩ ወደቀ ማለት ነው፤ አብሮት የመጣው ጭነትም ከመጋዘን አይወጣም። ከወረቀቱ ግርጌ የተመልካች ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ድሮ አውራ ጣቴን አሳርፍበት ነበር፤ አሁን ዴኦሊንዳ ብዬ እጽፍበታለሁ።

በገና ሰሞን ወደ መንደር ወጣሁ። አሮጌው የቴሌቪዥን ሥርጭት ሊዘጋ ነው ሲባል፣ መንደሩ ሁሉ የእኛን ፋብሪካ ሪሲቨር የገዛው በእኔ ቃል እንደሆነ ታውቂያለሽ። አክስታችን ፊሎሜና ከአልጋ መነሣት ካቆመች ወዲህ ቅዳሴ የምትሰማው በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ገና በሩን አልፌ ሳልገባ ጀመረችኝ። «ነይ፣ ነይ አንቺ ዓይናማ! ቄሱ ቁርባኑን ወደ ላይ ያነሣና እጁ እንደተሰቀለ ይቀራል። ሲወርድ አይቼው አላውቅም። አይተሽ ያሳለፍሽው ይህን ነው? ሂጂና ዓይንሽን ታከሚ!» አለችኝ። እሑድ አብሬያት አየሁ፤ እውነቷን ነው። ከታች ቤት ያሉትም እንደዚያው፣ ከወፍጮው አጠገብ ያሉትም እንደዚያው። ከደብሩ ስወጣ ሰላምታ የነፈጉኝ ሰዎች አሉ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። በክፍሉ ውስጥ ደቂቃውን የምቆጥረው በሰዓት ሳይሆን በጸሎት ነው፤ ስድስት ጊዜ «ሰላም ለኪ ማርያም» ስል አንድ ደቂቃ ይሞላል። ፊደል ሳላውቅ የጀመርኩት ነው፤ እጄንም ዓይኔንም አያስፈታኝም። ምናልባት ጸሎቴ ከዕድሜዬ ጋር እየፈጠነ፣ ምስሉ ሳይሰበር እያለፍኩት ይሆናል ብዬ ተጨነቅሁ። ዳቦ ቤቱ ሄጄ በግድግዳው ሰዓት ትይዩ ቆሜ ጸለይኩ። ባለ ዳቦ ቤቱ፣ «ዳቦው ገና ነው፣ እትዬ፤ ጸሎት አያበስለውም» ብሎ አላገጠብኝ። ስድስቱ ልክ አንድ ደቂቃ ሆነ፤ እንዲያውም ትንሽ አለፈ። ስለዚህ ጥፋቱ ከእኔ አልነበረም።

ያኔ ዓይኔን ወደ ሪሲቨሩ አዞርኩ። ከየጭነቱ አንዱ ሳይመረጥ ተነሥቶ ይምጣ የሚል ነው ሥርዓቱ። ከአሻጊዎቹ አንዷን ቀይ የጥፍር ቀለም ለምኜ፣ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ሪሲቨር ሥር አንዲት ነጥብ አደረግሁ። በሳምንቱ ሌላ ጭነት መጣ ተባለ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሪሲቨሩን ገለበጥኩት፤ ነጥቧ አለች። በሦስተኛው ሳምንትም አለች። ወረቀቱ ላይ ግን በየጊዜው ሌላ ቁጥር ተጽፏል። ሦስቱንም ፈርሜያለሁ፤ አልዋሽሽም። እርግጠኛ ሳልሆን የእህቴን ልጅ ሌባ ማለት ከበደኝ።

ከዚያ የፊሎሜናን ሪሲቨር ከመንደር አስመጣሁ። በጎመን ሸፍኜ በዘንቢል አስገባሁትና፣ ባለ ነጥቡን አንሥቼ የእሷን ተካሁ። ቫልዴማር እንደ ወትሮው ከግድግዳው ወዲያ ጀመረ። ከግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ ምስሉ ተበጣጠሰ፤ ደወሉን ተጫንኩ። እየሮጠ መጣ። ምን አለ መሰለሽ? «ምን ተበላሸ?» አላለም። «ሪሲቨሩን ማን ቀየረው?» ነው ያለው። ኢዳሊና፣ እነዚያ ዕቃዎች እንደ እንቁላል አንድ ዓይነት ናቸው። የተቀየረ መሆኑን በምን አወቀ?

ባለ ነጥቡን ገልብጬ አሳየሁት። አየና ሳቀ። «አክስትዬ፣ መመሪያ እኮ ሕግ አይደለም። ምክር ነው፤ ምክር ባለመስማት የታሰረ ሰው የለም» አለኝ። «ፊሎሜናስ?» ስለው፣ «እሷ እንደሆነ ቅዳሴውን በቃሏ ታውቀዋለች» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ጫማውን እያየ፣ «ፊደል ሳትማሪ ምን የመሰልሽ ሠራተኛ ነበርሽ!» አለኝ። በእኔ ቤት አድጎ፣ በእኔ እጅ በልቶ።

ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ቫልዴማርን አትጎንትዪው፣ የዚያን ቀለም የተቀባ ዕቃ ነገር ተዪው፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ» ይላል። ነጥቧን ያሳየሁት ለእሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ተማክራችኋል ማለት ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው? መንደሩ ከመግዛቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን እንድትመልሺልኝ አልጠይቅም፤ ብትመልሺም ማመን አልችልም።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አያስተኛም። የድሮ ደብዳቤዎችሽን ከብስኩት ቆርቆሮው አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ዓይን አነበብኳቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወጥ ቤቴ ቆሞ ያነበበልኝ እሱ ነበር። ሁልጊዜ፣ «ውድ እህቴ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ?» ብሎ ይጀምራል፤ «ልጄን ስላሳደግሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይጨርሳል። እኔም አለቅስ ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን አንዱም የለም። «ቤቱ ለነሐሴ ይቀባ፣ ውሻውን ለጎረቤት ስጪው፣ ወይኑ ይገረዝ» ብቻ ነው። ልጅሽ ከራሱ እየጨመረ ነበር የሚያነብልኝ። ምናልባት አዝኖልኝ ይሆናል፤ እንዲያ ብዬ ላምን ሞክሬያለሁ። ግን ያልተጻፈን ማንበብ የለመደው በእኔው ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ነገ ሰኞ የገዢዎቹ ሰዎች ከሊዝበን ይመጣሉ። የመጨረሻው ትልቁ ጭነት ለተራራው መንደሮች ሁሉ የሚሄድ ነው። ቫልዴማር ትናንት መጥቶ፣ «ደህናውን ቀሚስሽን ለብሰሽ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ፣ ከዚያ ፈርሚ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» ብሎኝ ሄዷል። ኬክም ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ አልቀመስኩትም። ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ነገሩ አልቋልና፣ ለልጅሽ ደውለሽ ልታስጠነቅቂው አትችዪም። አስቤበት ነው ዛሬ የምልከው።

አርሊንዶን ሳሉን በማር ይጠጣበት በዪልኝ፤ ከእሱ ጋር ቂም የለኝም። ሲልቪን ሳሚልኝ፤ ፖርቱጋልኛ ማንበብ ትችል እንደሆነ ግን ይህን አታሳያት፣ ወንድሟ ነውና ያሳፍራታል። ሕፃኑን ማቲስን ግንባሩን ሳሚልኝ። አማትሽን በአክብሮት ሰላም በዪልኝ። አንቺንም ሰላም እልሻለሁ፤ ጤናሽን የጠየቅሁት ከልቤ ነው።

ነገ ለሊዝበን ሰዎች ሁለቱንም ሪሲቨሮች፣ ባለ ነጥቡንና የፊሎሜናን፣ ጎን ለጎን አስቀምጥላቸዋለሁ። ያዩትን ይጻፉ። እኔ ግን ከእንግዲህ በዚያ የፍተሻ ወረቀት ግርጌ ለልጅሽም፣ ላንቺም፣ ለማንም ስል ዴኦሊንዳ ብዬ አልፈርምም።

እህትሽ ዴኦሊንዳ
ብራጋ፣ እሑድ ማርች 11 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.