አባታችሁ የነዱት ባቡር ቀለም

ይድረስ ለውድ የባለቤቴ ወንድም ለዴሪክ፤ ኒውዚላንድ ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኛም እዚህ ደርቢ ዝናቡን ችለን አለን።

ኖርማን ያው ከሞዴል ባቡሮቹ ጋር ነው። ሰሞኑን አባታችሁ ይነዱት የነበረውን የናፍጣ ባቡር ይሠራል። በቀብራቸው ዕለት የሰጠኸኝን ፎቶ አሳየሁት፤ ባቡሩ አረንጓዴ፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ ቢጫ። "አላልኩሽም?" ብሎ አረንጓዴ ቀባው። በማግስቱ ሰማያዊ ደረበበት። ሰማያዊው የመጣው እኮ አባታችሁ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው! ትዝ ይልሃል፣ የሞዴል ባቡር ክበቡ ውስጥ ዘመኑን የሳተ ቀለም አይቶ "ይሄ ባቡር ነው ወይስ የልደት ኬክ?" ብሎ ሰውየውን ያሳፈረው ራሱ ኖርማን ነበር። እንደገና አረንጓዴ፣ እንደገና ሰማያዊ። ቀለሙ ከመደራረቡ የተነሣ የነጂው በር እንኳ ጠፍቷል። ፎቶውን ደግሜ ሳሳየው "ይሄን ማን ሰጠሽ?" አለኝ።

ትናንት ብሩሹን አስቀመጠና፣ "ምን አጨቃጨቀን፤ አባባ ከሥራ ሲገባ ይነግረናል" አለ። እኔም ለሦስት ሰው ሻይ ቀዳሁ።

ልጆቹን ሳምልኝ። ቀለሙን አንተው ራስህ ጻፍለት። ስትጽፍ ታዲያ "ወንድምህ ዴሪክ" ማለትን አደራ እንዳትረሳ።

አክባሪህ ግሌኒስ