የሉሁ ጠረጴዛ

ኅዳር ፫
ልጄ ለምሳ መጣች። የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ከሆነች ወዲህ ስትጎርስም ስልኳን አትለቅም። የሉሁን ጠረጴዛ አስነሥታዋለች። በእኛ ጊዜ የማተሚያው መኪና ሳይነሣ የመጀመሪያው ሉህ እዚያ ላይ ይዘረጋል፤ እኔ አራሚው፣ ቆራጩ፣ ጠራዡ፣ ሁላችንም እንከብበዋለን። እያንዳንዱ ያየውን ካልተናገረ ሥራ አይጀመርም ነበር። ወረቀት የሚቆጥበውን አቆራረጥ እንኳ ያገኘነው እዚያ ስንጨቃጨቅ ነው።
«አባዬ፣ አሁን ሁሉም በስልክ ቡድኑ ላይ ይጽፋል።»
«መልስ የሚሰጠውስ ማን ነው?»
«ምግቡ ቀዘቀዘብህ፤ ብላ።»

ኅዳር ፱
ጠራዡ ተባረረ። በስልክ የነገረችኝ ራሷ ናት። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ሊታተም ሲል «የውስጥ ኅዳጉ ጠብቧል፤ ሲጠረዝ ፊደል ይበላል» ብሎ በቡድኑ ላይ ጻፈ። መልስ ቢያጣ ሄዶ መኪናውን አቆመ።
«ሥራ አስተጓጎለ» አለችኝ።
እርሱ እኮ… ልጅ ሳለች የምትተኛው በእርሱ የወረቀት ክምር ላይ ነበር።

ኅዳር ፲
ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ምን ብዬ ልደውልለት?

ኅዳር ፳፩
መጽሐፉ ከየትምህርት ቤቱ ተመለሰ። የየመስመሩ ጫፍ በስፌቱ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ልጄ መጥታ አለቀሰች።
«ጠራዡን አንተ ለምንልኝ፣ አባዬ። ይመለስልኝ።»

ኅዳር ፳፪
ቤቱ ሄድሁ። ወንበር ሰጠኝ።
«እሷን አልተቀየምኋትም፤ እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ግን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ‹አፍህን ዘግተህ ሥራ› አለችኝ። ከእንግዲህ እዚያ ገብቼ በምን አፌ ልናገር?»
ይህን አልነገረችኝም ነበር።
የሸኘኝ እስከ በሩ ብቻ ነው። ድሮ ወሬያችን ስለማያልቅ እስከ ቤቴ ይደርስ ነበር…

ታኅሣሥ ፪
ጠረጴዛው ወደ ቦታው ተመለሰ። ልጄ እንድገኝላት ጠየቀችኝ፤ ሄድሁ። የአዲስ መጽሐፍ ሽፋን ተዘረጋ። ሁሉም ከበቡት።
«እስቲ ያያችሁትን ንገሩኝ» አለች። ልመና ነበር የሚመስለው።
አንዱ «ደኅና ነው» አለ። ሌላውም «ደኅና ነው»። ሁሉም የሚያዩት ሉሁን ሳይሆን የእርሷን ፊት ነበር። መኪናው ተነሣ።
ስወጣ ቆራጩ ግቢው በር ድረስ ተከትሎኝ እጅጌዬን ያዝ አደረገ።
«ጋሼ፣ ያ ወረቀት ደረቅ ነው። ሽፋኑ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።»
«ታዲያ ውስጥ ለምን አልተናገርህም?»
«ጠራዡ ተናግሮ የት ደረሰ?» ደግሞም ጎንበስ ብሎ፣ «አደራ፣ ጋሼ… እኔ አላልኩም።»
ቀና ስል ልጄ በመስኮቱ ታየናለች። ደስ ብሏት እጇን አወዛወዘችልኝ። ተመልሼ ብነግራት፣ ማን ነገረህ ማለቷ ይቀራል?… ከዚያስ?
እኔም እጄን አነሣሁላት። ሳልነግራት ወጣሁ።