ሰባተኛው ከረጢት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ማንኪራ ደርሼ ተመለስኩ። ከቦንጋ በሞተር፣ የቀረውን በእግር። እንጨቱ ላይ የተሰቀሉትን፣ ሰብል የሚጎዳውን የኦዞን ጋዝ የሚለኩትን ቱቦዎች ቀየርኩ፣ ነጠብጣብ የወጣበትን የቦሎቄ ቅጠል ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ዙር ተለቅሟል፣ ሁለተኛው ገና ቅጠል ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ። መዝገቡ ላይ እንደ ወትሮው «አየር፦ ንጹህ» ብዬ ሞላሁ።
እትዬ አስካለማርያም ከማሳቸው ሁለት ከረጢት ቦሎቄ ሰጡኝ። አንዱ ለላብራቶሪ፣ አንዱ መጠባበቂያ። አፋቸውን በቃጫ አስረው። አንዱን ከፍቼ ልይ ብል አቃተኝ። ቢላ ሳወጣ ሳቁብኝ።
«እንደ ማር አስሬው እኮ ነው። እኔ ሳላውቅ ማንም አይከፍተውም።»
የላብራቶሪውን ራሳቸው ፈቱልኝ። መጠባበቂያው እንደታሰረ ሰባት ቁጥር ተለጥፎበት ስቶር ገባ።

ሰኞ፣ የካቲት 9
ውጤቱ መጣ። ሦስቴ አነበብኩት።
መኪና ከሚበዛበት ከሺሺንዳ ይልቅ ኦዞኑ የበዛው ጫካ ውስጥ ያለው ማንኪራ ነው። እኔም ተቃራኒውን ነበር የጠበቅኩት፤ ዕቅዱ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። ሞኝ። የመኪናና የማሳ ቃጠሎ ጭስ ኦዞን የሚሆነው ፀሐይ ሲመታው ነው... ጊዜ ይወስዳል። መንገድ ዳር ትኩሱ ጭስ መልሶ ይበላዋል። ነፋስ ተሸክሞት ጫካ ሲደርስ ግን የሚበላው የለም።
ለካ ቅጠሉ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስለው ለዚህ ነው። ፍሬውም ቀሏል። መቶ ፍሬ ሲመዘን ከሺሺንዳው በሩብ ያንሳል። ፕሮቲኑ በመቶኛ ትንሽ ከፍ ብሏል... በረከት አይደለም፣ ፍሬው ስለጫጨ ነው። ከመደቡ የሚወጣው ምግብ በጠቅላላ ቀንሷል። ፕሮቲኑም፣ ብረቱም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11
ለክፍል ኃላፊያችን ለዶክተር ወንድማገኝ አቀረብኩ። ፊቱ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ ነው።
«ናዝራዊት፣ ሰው ይስቅብናል። ማንኪራ እኮ ጫካ ነው። መለያውን አቀያይረሻል፤ የቱቦውንም፣ የከረጢቱንም።»
«አላቀያየርኩም።»
«ሰው ይሳሳታል፣ ምን ያሳፍራል?»
«ቅጠሉስ? እዚያው ማሳው ላይ ነው ያለው።»
«እሱማ በሽታ ነው።»
ስዳስሰው ጣቴ ላይ የማይቀር፣ ከቅጠል ወደ ቅጠል የማይጋባ፣ ጥላ ያረፈበትን የሚዘል በሽታ? ጠየቅኩት። ስልኩን አነሳ።

ዓርብ፣ የካቲት 13
ደብዳቤ። ሳምፕል ማደባለቄን አምኜ እንድፈርም፣ እስከ መጪው ዓርብ። ካልፈረምኩ ከጥናቱ እወጣለሁ። የቢሮ ቁልፌን ዛሬውኑ ተቀበሉኝ።
ብፈርምስ? የማንኪራው በሽታ ነው ተብሎ ይጸናል። በሽታ ከሆነ ይነቀላል፣ ይቃጠላል። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ለእትዬ አስካለማርያም ቀኑን ሳይቀር ነግሯቸዋል፤ ቅዳሜ፣ የካቲት 21። እስከ ክረምት የሚበሉት ያንኑ ነው። እሱን አቃጥለው... ጭስ ላይ ጭስ።

ሰኞ፣ የካቲት 16
አልፈረምኩም። እናቴ «አንድ ፊርማ ነው፣ እጅሽ አይቆረጥም» አለች። ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18
ሰባተኛው ከረጢት! እንዴት ረሳሁት? ከማንኪራ ከወጣ ወዲህ አልተከፈተም። ማን ሊከፍተው ይችላል?
ስቶር ሄድኩ። የስቶር ጠባቂው ጋሽ ወልደሥላሴ በሩ ላይ ቆመዋል።
«ልጄ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ ትዕዛዙ ግን ዶክተሩ ጋ።»
«አይክፈቱልኝ። ማንም እንዳይነካው ብቻ።»
«እሱንማ ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ።»
ከዚያ ማንኪራ። እትዬ አስካለማርያም አዳምጠው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ወደ ቦንጋ ባጃጁ ስንት ሰዓት ይነሳል?»

ዓርብ፣ የካቲት 20
ንዴቴ ገና አልበረደም።
እትዬ አስካለማርያም «ከረጢቴን ልየው» ቢሉት ዶክተሩ ከስቶር አስመጣው፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ራሱ ሊፈታው ሞከረ። ላበው። «ቢላ አምጡ» አለ።
«ተው ዶክተር» አሉ እትዬ አስካለማርያም፣ «ይሄ በዲግሪ አይፈታም።»
ጋሽ ወልደሥላሴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው ይርገበገባል።
እትዬ ቋጠሮውን አገላብጠው አዩት። «የኔ እጅ ነው። አልተነካም።» የቃጫውን ጅራት አንድ ጊዜ ሳብ... ተፈታ። መቶ ፍሬ ቆጠርን፣ ሚዛን ላይ አወጣን። ከሪፖርቴ ጋር ያው። ደግመን መዘንን። ያው።
ዶክተሩ ሚዛኑን ገፋ አደረገው። ከዚያ «እንግዲህ... ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል» አለ።
«እኔ ጥናት አላውቅም» አሉ እትዬ። «ነገ የሚነቅሉት ሰዎች ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?»
ፊታችን ደወለ። አይመጡም።
«ደብዳቤውስ?» አልኩ።
«ፋይል ውስጥ ገብቷል።»
«እንግዲያው አለመፈረሜም አብሮ ይግባ» ብዬ ባዶውን የፊርማ ቦታ አሳየሁት። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔም አልጠበቅኩም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24
ሪፖርቱ ወጣ። ማንኪራ በትክክለኛ ቦታው አለ፣ የኔ ስም ግን የለም። ሦስት ገጽ ተቃውሞ አስገብቻለሁ። ቁልፌን አልመለሱልኝም። ለራሴ አዲስ ደብተር ገዛሁ።
ማንኪራ ነኝ። ሁለተኛውን ዙር ከእትዬ አስካለማርያም ጋር ስንለቅም ዋልን። ከጠበቁት ያንሳል... ግን አለ። ከእሱው ንፍሮ ቀቅለው አበሉኝ። ለከርሞ ሁለት ዓይነት ዘር ጎን ለጎን እንዘራለን፤ የትኛው ኦዞኑን እንደሚችለው እናያለን።
ሰማዩ ዛሬም ጥርት ያለ ነው። ደብተሬ ላይ «አየር» ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ቱቦው ሲነበብ ይሞላል።
ማምሻውን የዘሩን ከረጢት እኔ አሰርኩት። እንዳሳዩኝ፤ ሁለት ዙር፣ ሦስተኛው ከሥር። እትዬ በትንሽ ጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ተፈታ።
«ገና ነሽ» አሉ።
ቃጫውን ተቀበልኳቸው።