ቁጥር 417 ስለተባሉት ሁለት ቤቶች

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር
ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ክቡር ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና፣ ለወንበርዎም እንደ ወትሮው የማይነቃነቅ እግር እመኛለሁ። በስልክ ማዞሪያ ሠላሳ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነዋሪዎ ነኝ። አንዱን ሰው ከሌላው ሳላምታታ ማገናኘት እንጀራዬ ስለነበረ፣ ባለፈው ዓመት ላካሄዱት የቤት ቁጥር አሰጣጥ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖብኛል። ጋዜጣ ስለማያትመውም በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፤ በባለቤቶቻቸው ስም ስንጠራቸው የኖርናቸውን ቤቶች በቆርቆሮ ቁጥር ስላስከበሩልን እናመሰግናለን። ብቻ 417ን ከዳገቱ ላይ ባሕር ዛፉ ጥግ ለሚኖሩት ለወይዘሮ ዲንቄም፣ ታች ወንዙ ዳር ላለው ለቀበሌው መጋዘንም ሰጥተውታል። ወዲያው መጥቼ ባመለክት ጸሐፊዎ፣ «አባቴ፣ በመዝገባችን 417 አንድ ነው፤ እርስዎ ሁለት ካዩ መነጽርዎን ይቀይሩ» ብለው አሰናበቱኝ። ለዓይኔ መጨነቃቸውን አልረሳም።

ሁለተኛ፤ የወይዘሮ ዲንቄ የበኩር ልጅ ፈዬራ ሰሜን ጦር ግንባር ቆስሎ፣ ቀኝ እግሩ ተቆርጦ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ኖሯል። ከእናቱ በታክሲ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሆኖ በቀበሌው በኩል ደብዳቤ ጻፈላቸው። ተላላኪዎ ደብዳቤውን በተቆለፈው መጋዘን በር ሥር አሾልኮት ሄደ። አራት ወር እዚያው ተቀመጠ።

በጥቅምት መጋዘኑ ሲከፈት ዘበኛው ገብረ ክርስቶስ ጠርዙን አይጥ የበላው ፖስታ አግኝተው፣ ማንበብ እንደምችል ስለሚያውቁ ወደ እኔ አመጡት። ዳገቱን ወጥቼ ለወይዘሮ ዲንቄ አነበብኩላቸው። «እማዬ፣ አንድ እግሬ የለም፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ነይና እዪኝ» ይላል። መቼ እንደተጻፈ ጠየቁኝ። ሰኔ ስድስት አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩና ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ነርሷ፣ «እሑድ እሑድ በሩን ሲያይ ይውል ነበር፤ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ» አለችን። በሦስተኛው ቀን ከከተማ ውጭ ባለ የጉዳተኞች ማረፊያ አገኘነው። እናቱን ሲያይ፣ «እግር የሌለው ልጅ ምን ያደርግልኛል ያልሽ መስሎኝ ነበር» አላቸው። ወይዘሮ ዲንቄ መሬት ላይ ቁጭ ብለው የቀረውን እግሩን አቀፉ። ብዙ ቆይቶ እሱም ጎንበስ አለና ራሳቸውን ያዘ። ዛሬ ቤቱ ገብቷል፤ እሑድ ሲሆን ግን አሁንም ማንንም አያናግርም።

ሦስተኛ፤ የወንድሜ ልጅ የማርያምወርቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ትሠራለች። እርስ በርስ በሽቦ የተያያዙ አራት መሣሪያዎች አሏቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ስምና ቁጥር አለው፤ የቱ ስም የየትኛው ቁጥር እንደሆነም መዝገብ ተይዟል። በውጭ አገር በስልክ መስመር የተገናኙ ብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች እንዳሉና እነሱም ቁጥር እንደማይጋሩ ነገረችኝ። «ለምን?» ብላት፣ «አጎቴ፣ ሁለቱ አንድ ቁጥር ከያዙ መልእክቱ የማን ቤት እንደሚገባ አይታወቅማ» አለችኝ። ነፍስ ለሌለው ብረት ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሲደረግ፣ የወለደች እናት ከመጋዘን ጋር ቁጥር ትጋራለች።

አራተኛ፤ ስሕተቱ እንዲታረም ዳግመኛ ባመለክት፣ መጋዘኑ በመዝገብ ቀድሞ ስለገባ የወይዘሮ ዲንቄ ቆርቆሮ እንዲነቀልና ቤታቸው «ቁጥር የሌለው» ተብሎ እንዲመዘገብ በፊርማዎና በማኅተምዎ ወስነዋል። እንዲህ ያለ ፍትሕ ለማየት በሕይወት በመቆየቴ አመሰግናለሁ።

ክቡርነትዎን እስከ ዛሬ በትዕግሥት፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በመጸየፍ የሚያከብርዎ ትሑት ነዋሪዎ፣

ወልደ ሐዋርያት ሰሎሞን
ጥር 21 ቀን 1983 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ትናንት ጠዋት ከቀበሌው አንድ ወረቀት ለወይዘሮ ዲንቄ ደርሷቸዋል። የሁለተኛ ልጃቸው የኢታና የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ነው። ተላላኪዎ ቁጥር የሌለውን ቤት ማንንም ሳይጠይቅ አግኝቶታል።